ሬቸል ካርሰን «ጨርሶ አትርጩ» ነው ያለችው?

የጉማራው ልጅ
አባቴ ፎገራ ውስጥ ሽንኩርት ያመርታል። ማሳችን ጉማራ ወንዝ ዳር ነው። ልጅ ሆኜ እሱ መርጫውን በጀርባው አዝሎ የተባይ መርዝ ሲረጭ ውሃ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ሲጨርስ መርጫውን ወንዙ ውስጥ እናጥበዋለን። አሁን ባሕር ዳር እየተማርኩ፣ ስለ ተባይ መርዝ ጉዳት ስለጻፈችው አሜሪካዊት ስለ ካርሰን አነበብኩና እንቅልፍ አጣሁ። ጉማራ እኮ የሚገባው ጣና ነው! ለአባቴ ስደውልለት «ታዲያ ተባይ ይብላው?» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነት ሴትዮዋ አይረጭ ብላለች?

መምህርቷ
አላለችም ወንድሜ። የተቃወመችው መርዙ ጉዳቱን በማያውቅ ሰው እጅ እንዲሁ መግባቱን ነው። እኔ ተማሪዎቼን ጣና ዳር አቁሜ የምነግራቸው እሷ የጻፈችውን የክሊር ሌክ ታሪክ ነው። ካሊፎርኒያ ያለ ሐይቅ ነው። የማትናከስ ትንኝ ሰዉን አስቸገረች። እሷን ለማጥፋት በ1949፣ በ1954 እና በ1957 እ.ኤ.አ. የነፍሳት መርዙ የዲዲቲ ዘመድ የሆነው ዲዲዲ ውሃው ውስጥ ተጨመረ። መጀመሪያ ለ70 ሚሊዮን እጅ ውሃ 1 እጅ ብቻ! ኋላ ዓሣ የሚበሉት ወፎች ያልቁ ጀመር። ስባቸው ሲመረመር በሚሊዮን 1,600 እጅ ተገኘበት። በዓይን የማይታየው ውሃ ላይ ተንሳፋፊ ፍጥረት መርዙን ያጠራቅማል፣ ትንሹ ዓሣ እሱን ይበላል፣ ትልቁ ትንሹን፣ ወፏ ደግሞ ትልቁን። እኛስ አምባዛ እንበላ የለ?

ቀበሌ 4
እኔን የምትገርመኝ ራሷ ናት። በ1907 እ.ኤ.አ. ፔንሲልቬኒያ ተወለደች። ቀን በመንግሥት የዓሣ ሀብት ቢሮ ትሠራለች፣ ማታ ትጽፋለች። እናቷን ትጦራለች፣ እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ታሳድጋለች። «ሳይለንት ስፕሪንግ»ን (ወፍ የማይዘምርበት ጸደይ እንደማለት ነው) ስትጽፍ የጡት ካንሰር ይዟት ነበር። በ1962 መጽሐፉ ሲወጣ የኬሚካል ኩባንያዎች ዘመቱባት። ሕመሟን ደብቃ በ1963 ሴኔት ፊት መሰከረች። በዓመቱ በ56 ዓመቷ አረፈች። አሜሪካ ዲዲቲን ለእርሻ የከለከለችው በ1972 ነው፤ ሳታየው።

የጉማራው ልጅ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሰኞ ቤት ሄጄ የክሊር ሌክን ለአባቴ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ትንኟ አትናከስም አልክ?» አለ። አዎ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ማክሰኞ ረጭቶ ሲጨርስ ወንዝ አልወረደም። በባልዲ ውሃ አስመጥቶ መርጫውን ማሳው ላይ አጠበው፣ እጣቢውንም እዚያው ሽንኩርቱ ላይ ረጨው። ጓንት ግን እምቢ ብሏል። በምን ላሳምነው?