ከቺሌ ወደ ኡዩኒ በጂፕ፦ የደጋ ልጅን ከፍታው ያመዋል ወይ?

ጮቄ ሥር፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። ደብረ ማርቆስ አስተማሪ ነኝ። ነሐሴ ላይ ለሥልጠና ቺሌ እሄዳለሁ፣ ሲያልቅ አንድ ሳምንት ይተርፈኛል። አብረውኝ ከሚሠለጥኑት አምስቱ ከሳን ፔድሮ ደ አታካማ ተነስተው ቦሊቪያ ወዳለው የኡዩኒ የጨው ሜዳ በጂፕ ሊሻገሩ ነው፣ ሦስት ቀን ሁለት ሌሊት፣ ስድስተኛ ሁን ብለውኛል። እኔ በረሃ ሲባል የማውቀው አባይ በረሃን ነው፣ ሙቀትና ወበቅ። ይኼኛው ግን አብዛኛው ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱ ውሃ ያረጋል አሉኝ። ጮቄ ላይ ስንት ጊዜ ወጥቻለሁ፣ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። እና የደጋ ልጅ ሆኜም ያሰጋኛል? ደግሞ ፍልሰታ ላይ ነው፣ ምን እበላለሁ? ለዚህ ጉዞ ብር ማጠራቀም ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው፣ መኪና ውስጥ ታምሜ ተኝቼ እንዲያልፍብኝ አልፈልግም።

የዳሞት ልጅ፦
ወንድሜ፣ አንተ የፈራኸው ነገር እኔ ላይ ደርሷል፣ ስለዚህ በደንብ ስማኝ። ሳን ፔድሮ 2400 ሜትር ገደማ ናት፣ ከማርቆስ ጋር እኩል በላት። ጠዋት ከዚያ ተነስተህ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘህ ድንበሩ ጋ ስትደርስ ከ4400 ሜትር በላይ ነህ። ከዚያ ላጉና ቬርዴ የሚባለው ሐይቅ፣ ቀጥሎ ሶል ደ ማኛና የሚባለው እንፋሎትና ጭቃ የሚፈላበት ቦታ፣ እሱ ወደ 4900 ይጠጋል። ማታ ላጉና ኮሎራዳ ከሚባለው ቀይ ሐይቅ አጠገብ 4300 ሜትር ላይ ታድራለህ። ይኼ ሁሉ በአንድ ቀን!

እኔ ያን ሌሊት አልተኛሁም። ራሴን እንደ ከበሮ ይደልቀኛል፣ የቀመስኩት ሁሉ ይመለሳል፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ግድግዳ ተደግፌ አነጋሁ። የመስኮቱ መስታወት በውስጥ በኩል በረዶ ይዞ ነበር፣ በጥፍሬ ስፍቀው ትዝ ይለኛል። በማግስቱ ሌሎቹ ቀዩን ሐይቅና ፍላሚንጎ የሚባሉትን ወፎች ለማየት ሲወርዱ እኔ ከወንበሬ መነሳት አቃተኝ። ውሃው በአልጌና በደለል የተነሳ ደም መስሎ ከሩቅ ይታየኛል፣ ግን መቶ እርምጃ መሄድ አልቻልኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

መንገዱን ገልብጡት። ከቺሌዋ ከተማ ከካላማ በአውቶቡስ ኡዩኒ ከተማ ግቡ፣ 3650 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ሁለት ሌሊት እደሩ። ጉዞውን ከዚያ ጀምራችሁ ሳን ፔድሮ ጨርሱ። የመጀመሪያው ሌሊት ጨው ሜዳው ዳር ነው፣ ከፍ ያለው ሁለተኛው ሌሊት ይሆናል፣ ሦስተኛው ቀን ደግሞ ወደ ታች ትወርዳላችሁ። ቺሌ ተመልሰህ ስለምትገባ ቪዛህ ደጋግሞ የሚያስገባ መሆኑን አሁኑኑ እይ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም እንዳትረሳ።

ጣና ዳር (ነርስ ነኝ)፦
የዳሞት ልጅ ያለችው ልክ ነው። ዋናው ነገር ቀን የወጣህበት ሳይሆን የምታድርበት ከፍታ ነው። ጮቄ ወጥተህ ማታ ማርቆስ ትተኛለህ፣ ለዚያ ነው የማያምህ። ደጋ ማደግህ ትንሽ ሊረዳህ ይችላል፣ ግን ዋስትና አይሆንም፣ ጎበዝ ስፖርተኛ የሚታመምበት ከፍታ ነው። ከ3000 ሜትር በላይ የምታድርበትን ቦታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል። ከማርቆስ ከፍታ ኡዩኒ መግባትም ራሱ ትልቅ ዝላይ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱን ቀን ረጋ በሉ፣ መጠጥ ይቅር። አሴታዞላሚድ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ፣ ከመሄድህ በፊት ሐኪም አማክር፣ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት የማይስማማህ ከሆነ ንገረው። ራስ ምታት ብቻ ከሆነ እዚያው ዕረፍ፣ ከፍ አትበል። ሰው ከተንገዳገደ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው ግን ጉብኝቱ ያበቃል፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች መውረድ ነው። ይኼን ለአምስቱም ንገራቸው፣ የታመመ ሰው ራሱን አያውቅም።

ለከፍታው ብለው ኮካ ቅጠል ይሰጡሃል፣ እነሱ እንደ ጫት በጉንጫቸው ይይዙታል፣ ሻይም ያፈሉታል። ቦሊቪያ ውስጥ ክልክል አይደለም፣ ግን ቺሌ ይዘህ እንዳትገባ። ሻዩ ራሱ በሽንት ምርመራ ላይ እንደ ኮኬይን ይታያል፣ ሥራ ቦታህ ምርመራ ካለ ተወው።

ሹፌሩ፦
እኔ ኡዩኒን አላየሁም፣ ላንድክሩዘር ግን ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ። መምህር፣ ብር ከመክፈልዎ በፊት መኪናውን በዓይንዎ ይዩ። ስኮርታው ሁለት ቢሆን ይመረጣል፣ ጥርሱ ያላለቀ። ክሪክ አለ? የሁሉም ወንበር ቀበቶ ይሠራል? ሹፌሩስ ሌሊት ይተኛል ወይስ ትናንት ማታ ከሌላ ጉዞ የገባ ነው? መጠጥ ከሸተተዎት አይሳፈሩ፣ ማንም ቢቆጣ። ኋላ ያለው ሦስተኛ ወንበር ጉልበት ያጥፋል፣ ስድስታችሁም ጋቢናውንና ኋላውን በየግማሽ ቀኑ ተቀያየሩ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ተስማሙ። ኦክስጅን መያዙንም ይጠይቁ።

የዳሞት ልጅ፦
ጋሼ ያሉት እውነት ነው፣ የኛ ሹፌር ኦክስጅን አልነበረውም። ስለ ጾሙ፦ ስትመዘገብ «ቬጋን» በል፣ ኪኑዋ የሚባል እህልና ድንች ይሠሩልሃል። በሶ ግን ያዝ። ጠዋት ሁሉም ደረቅ ዳቦ ሲያኝክ አንተ ጭብጦህን ትበላለህ። ቺሌ ስትገባ የእህል ዘር የሆነ ሁሉ ቅጹ ላይ ይሞላል፣ ቁጥጥራቸው ጥብቅ ነው፣ አትደብቅ። በመንገዱ ላይ ባንክ የለም፣ ኔትወርክም የለም፣ የቦሊቪያው ገንዘብ፣ ቦሊቪያኖ፣ በእጅህ ይኑር።

የጨው ሜዳውማ ምን ልበልህ። ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ጣናን ሦስት ጊዜ አስበው፣ ሁሉም ነጭ። ነሐሴ ደረቅ ስለሆነ ጨው ላይ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ እስከ ዓይንህ ዳርቻ ታያለህ። መሐሉ ላይ ቁልቋል የሞላበት ደሴት አለ፣ ኢንካዋሲ ይሉታል፣ ቁልቋሉ ከሰው እጥፍ ይረዝማል። የጮቄን ጅብራ አስታወሰኝ።

ጮቄ ሥር፦
እግዜር ይስጥልኝ። በቴሌግራም ለአምስቱም ጻፍኩላቸው፣ አራቱ ከኡዩኒ ለመጀመር ተስማሙ፣ አንዷ ቀን አይበቃኝም ብላ ቀረች። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ጋቢ ልያዝ ወይስ የመኝታ ከረጢቱ ይበቃኛል?

የዳሞት ልጅ፦
ከረጢቱን እዚያው ተከራይ፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ይወርዳል። ጋቢውንም ያዝ። ጠዋት ገና ሳይነጋ እንፋሎቱ ጋ ከመኪናው ስትወርድ ትፈልገዋለህ።