አራተኛው ማዕዘን አልገጥም አለኝ፤ ለ45 ዲግሪ ቁርጥ ጂግ (ጣውላውን በልኩ አስደግፎ የሚያስቆርጥ መያዣ) የሠራ አለ?

ጀማሪ አናጢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የፎቶ ፍሬም ልሥራ ብዬ ሦስት ቀን ሙሉ ስታገል ከረምኩ። የጠረጴዛ መጋዝ አለኝ። ከማሽኑ ጋር የመጣውን የዲግሪ መለኪያ 45 ላይ አስሬ ነው የምቆርጠው። ሦስቱ ማዕዘኖች ግጥም ይላሉ፤ አራተኛው ላይ ስደርስ ግን የጥፍሬ ጫፍ የሚገባበት ክፍተት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጣውላዎቹ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት አላቸው። ክፍተቱን በኮላና በሰጋቱራ ሞላሁት፣ ቫርኒሽ ስቀባው ጭራሽ ባሰበት። አሁን ባለኝ ቁርጥራጭ ኮምፔንሳቶ ጂግ ልሠራ ነው። ጣውላው የሚደገፍበትን መደገፊያ ልክ 45 ላይ የማስረው በምንድን ነው? የፕላስቲክ ፕሮትራክተሬን አላምነውም።

ሰጋቱራ፦

ወንድሜ፣ ጥፋቱ ያለው አራተኛው ማዕዘን ላይ ብቻ አይደለም፣ ስምንቱም ቁርጥ ላይ ነው። መለኪያህ ግማሽ ዲግሪ ቢስት፣ ለአንድ ፍሬም ስምንት ጊዜ ስለምትቆርጥ 4 ዲግሪ ይጠራቀምና መጨረሻ ላይ ይወጣል። ባንተ 5 ሳንቲ ሜትር ጣውላ ይሄ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ነው።

ስለዚህ 45ን ማሳደዱን ተወው፣ 90ን ያዝ። ከኮምፔንሳቶው አንዱ ማዕዘን ልክ 90 የሆነ ቁራጭ አውጣ። ልክ መሆኑን እንዲህ ፈትሽ፦ ቀጥ ያለ ጠርዝ ላይ አስጠግተህ በሹል እርሳስ መስመር አስምር፣ ከዚያ ገልብጠህ እዚያው ቦታ ላይ ድገም። ሁለቱ መስመሮች ከተደራረቡ 90 ነው፣ ከተለያዩ ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ይታይሃል። እኔ ይሄን ፈተና ከስኳድራዬ (ከ90 ዲግሪ መለኪያዬ) በላይ አምነዋለሁ።

መሠረቱ ሌላ ኮምፔንሳቶ ነው። ከሥሩ በማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ባለው ቦይ ውስጥ የሚንሸራተት የጠንካራ እንጨት ሐዲድ ይታሰርለታል። የብዙ ማሽኖች ቦይ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ያንተን ለካው። ሐዲዱ ወደ ጎን መወዛወዝ የለበትም፣ ሰም ቀባው። አሁን ያንን 90 ቁራጭ እንደ ቀስት ጫፉን ወደ መጋዙ ዲስክ አዙረህ ከላይ እሰረው፣ ጫፉ ዲስኩ የሚያልፍበት መስመር ላይ ይዋል። ጣውላህን አንዴ በቀስቱ ግራ ጎን፣ አንዴ በቀኝ ጎን አስደግፈህ ትቆርጣለህ። ቀስቱ ትንሽ ቢዘም እንኳ ግራው 45.2 ሲሆን ቀኙ 44.8 ይሆናል፣ ድምሩ ያው 90 ነው። የአንዱ ጣውላ የግራ ቁርጥ ከሌላው የቀኝ ቁርጥ ጋር እንዲጋጠም ብቻ ተጠንቀቅ፣ ሁለቱን ጫፍ በአንድ ጎን ከቆረጥክ ጥቅሙ ቀረ።

ቀስ በል፦

ሰጋቱራ ያለው ትክክል ነው፣ ግን ርዝመቱን ረሳው። ዲግሪው ፍጹም ቢሆንም ትይዩ የሆኑት ሁለት ጎኖች በ1 ሚሊ ሜትር ከተለያዩ ፍሬሙ ይከፈታል። ቀስቱ ጎን ላይ ማቆሚያ እንጨት እሰር፣ ጥንዶቹን በሜትር ሳይሆን በማቆሚያው ቁረጥ። ማቆሚያው ሌላም ሥራ አለው፦ በሰያፍ የሚቆረጥ ጣውላ ዲስኩ ሲነካው ወደ ኋላ መንሸራተት ይወዳል፣ እሱ ይገታዋል። መደገፊያው ላይ ብርጭቆ ወረቀት ብትለጥፍበት ደግሞ ይበልጥ ይይዝልሃል።

አሁን የምለውን አደራ ስማኝ። ብሎኖቹን ከዲስኩ መስመር አርቃቸው። መሠረቱ ፊት ለፊት ከዲስኩ ከፍታ የሚበልጥ ወፍራም እንጨት በአግድም እሰር፣ አለበለዚያ ዲስኩ መሠረቱን ሲሰነጥቀው ሁለቱ ክንፎች ይላቀቃሉ። ጣውላውን በክላምፕ (በመቆንጠጫ) ያዘው፣ እጅህ ከዲስኩ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የተቆረጠችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ለማንሳት ዲስኩ እስኪቆም ጠብቅ። በጂግ ስትቆርጥ የማሽኑን ቋሚ መደገፊያ ከጎን አታስጠጋ፣ ቁራጩ መሀል ከታፈነ ተወርውሮ ይመታሃል። አንድ ጓደኛዬ ደረቱ ላይ በለዘ፣ ዓይኑን ያተረፈው መነጽሩ ነው።

ጀማሪ አናጢ፦

ሠራሁት! መጀመሪያ በአንድ ብሎን ብቻ አስሬ በቁርጥራጭ ሞከርኩ፣ ሁለቱን ጫፎች አጋጥሜ ስኳድራ ሳስገባባቸው ብርሃን አላሳለፉም። ማዕዘኑን በጣቴ ስዳስሰው መጋጠሚያው አይታወቀኝም። በጣም ነው የማመሰግናችሁ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፦ ባለ ስድስት ጎን ፍሬም በዚሁ ጂግ ይሆናል?

ሰጋቱራ፦

አይሆንም፣ ሌላ መደገፊያ ያስፈልግሃል። 180ን ለጎኖቹ ብዛት አካፍል፦ ለስድስት 30 ዲግሪ፣ ለስምንት 22.5 ነው። ለ30 በኮምፓስ ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ሥራ፣ ማዕዘኖቹ 60 ስለሆኑ መደገፊያው ከዲስኩ ጋር 60 እንዲሠራ በእሱ ታስተካክላለህ። እዚህ 12 ቁርጥ ነው ያለው፣ ስህተቱ ይበልጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ስድስቱን አንድ ላይ አትለጥፍ። ሦስት ሦስት አድርገህ ሁለት ግማሽ ለጥፍና ኮላው እስኪደርቅ ተው። ከዚያ የየግማሹን ሁለት ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ ጣውላ ላይ አሳርፋቸው፤ የማይነካውን ቦታ እያየህ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው። ሁለቱ ግማሾች እንዲያ ሲገጣጠሙ ክፍተት አይኖርም።