ታኮማዬ ስትሞቅ ሪቨርስ እምቢ አለች፤ ካምቢዮውን ጅማ ላይ ላስፈታው ወይስ አዲስ አበባ ላስጭነው?

የአጋሮ መንገድ፦

ሰላም ለሁላችሁም። መኪናዬ ቶዮታ ታኮማ ፒካፕ ናት። የ1999 ሞዴል፣ 3.4 ሊትር ቤንዚን፣ 6 ሲሊንደር፣ ፎር ዊል፣ ካምቢዮዋ አውቶማቲክ። አዲስ አበባ በጨረታ ነው የገዛኋት። ያኔ «አውቶማቲክ ለጭነት? ትጸጸታለህ» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፣ አሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ፈገግ ይላሉ።

ችግሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ቀዝቅዛ ስትነሳ ምንም አትልም። ከተማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ዞር ዞር ብዬ ስትሞቅ ግን ከ2ኛ ወደ 3ኛ ስትቀይር ሞተሩ ይጮኻል፣ ፍጥነቱ ግን እዚያው ነው፣ ልክ ፍሪሲዮኑ ያለቀ ማንዋል መኪና እንደሚያደርገው። ሪቨርሱ ደግሞ ባሰበት። አር ላይ አስገባለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ድንገት «ዷ» ብላ ትይዛለች። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ከፊቴ አይሱዙ፣ ከኋላዬ ባጃጅ ሆኖ ጭራሽ አልያዝም አለች። ሦስት ልጆች ገፍተው አወጡኝ። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል፣ ላቤ ጠብ ይላል።

እዚህ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፋኖውን እንኳ ሳይከፍት «ካምቢዮው አልቋል፣ ሙሉ ኦቨርሆል ነው፣ ተፈትቶ መታደስ አለበት» አለኝ። ዋጋውን ስሰማ ቁጭ አልኩ። እሸት ቡና ሊደርስ ነው፣ ያኔ መኪናዋ ካልቆመችልኝ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው። ጅማ ላይ አውቶማቲክ ካምቢዮ በደንብ የሚፈታ ሰው አለ? ወይስ በሎቤድ አዲስ አበባ ልላካት?

ስፓነር 14፦

ብሮ ኦቨርሆል ውስጥ አትግባ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው ሄደህ ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ ግዛ፣ በሁለት ቀን ይገጠማል፣ አለቀ። የኔን ፎር ራነር እንደዛ ነው ያደረግኩት። አንዱን ዲስክ ቀይረህ ሌላው ሲበላሽ ዕድሜ ልክህን ጋራዥ ውስጥ ትኖራለህ።

የድሮ መካኒክ፦

ወንድሜ፣ ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ረጋ በል። ካምቢዮ ዝም ብሎ አያልቅም፣ የሚያስጨርሰው ነገር አለ። እሱን ሳታገኝ ብታድሰውም፣ ያገለገለ ገዝተህ ብታስገጥምም ያው ነው፣ ሁለተኛውንም ይበላዋል። ስፓነር ወንድማችን ዕድለኛ ነው፣ ዕድል ግን ምክር አይሆንም።

አሁን የነገርከንን እንየው። ያንተ ካምቢዮ ኤ340ኤፍ ነው፣ አይሲን የሚሠራው፣ ባለ 4 ማርሽ። ውስጡ ብዙ የፍሪሲዮን ጥቅል አለ፣ እያንዳንዱ ማርሽ የተወሰኑትን ይይዛል። ሲ-2 የሚባለው ጥቅል 1ኛና 2ኛ ላይ ሥራ የለውም። የሚሠራው 3ኛ፣ 4ኛ እና ሪቨርስ ላይ ነው። አንተ ያልከውም ይኸው ነው፦ 1ኛና 2ኛ ደህና፣ 3ኛ ይንሸራተታል፣ ሪቨርስ ይዘገያል። ሪቨርስ ላይ ግን ቢ-3 የሚባል ሌላም አብሮ ይይዛል፣ ስለዚህ ሁለቱን መለየት አለብህ።

የምትለየው እንዲህ ነው። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውጣ። ስትወርድ ቀስ ብለህ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ማርሹን ኤል ላይ (ዝቅተኛው ማርሽ፣ ቢ-3 እዚያም ይይዛል) አድርገህ እግርህን ከነዳጅ ፔዳሉ አንሳ። ሞተሩ መኪናዋን ይዞ ካስቀረልህ ቢ-3 ጤነኛ ነው፣ ጥፋተኛው ሲ-2 ነው። ነጻ ሆና ከሮጠች ደግሞ ቢ-3ም ተበልቷል። ይሄን ለማወቅ አንድ ብሎን መፍታት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ዘይቱ። ሞተሩ ሞቆ፣ ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን ሁሉም ቦታ ላይ አንድ አንድ ጊዜ አሳልፈህ ፒ ላይ መልስና መለኪያውን ሳብ። ጠፍቶ አይለካም፣ ይሄን የሞተር ዘይት ያስመሰሉት ብዙ ናቸው። በነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርገውና ቀለሙን አይ። አሽትተውም። ከዚያ የራዲያተሩን ውሃ አይ (ሲቀዘቅዝ ክፈተው አደራ!)። ያየኸውን ጻፍልኝ።

ሌላ ደግሞ ከነዳጅ መስጫው ቦዲ ወደ ካምቢዮው የሚወርድ ኬብል አለ። ሰው ጋዝ መስጫ ብቻ ይመስለዋል፣ የካምቢዮውን የዘይት ግፊት የሚወስነው ግን እሱ ነው። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ታች ይርገጥልህ፣ አንተ ኬብሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ማቆሚያ እና የጎማውን ጫፍ ርቀት ለካ። ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከላላ ግፊቱ ይወርዳል፣ ፍሪሲዮኑ ሳይጨብጥ ይንሸራተታል፣ ይቃጠላል። ስንቱ ካምቢዮ በዚህች ኬብል ምክንያት ተፈታ መሰለህ።

የአጋሮ መንገድ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ያሉትን ሁሉ አደረግኩ። ከጅሬን ስወርድ ኤል ላይ ሞተሩ ይዞ አስቀርቷታል። ኬብሉ በጣም ላልቷል፣ ትንሽ ጣቴ ይገባል ማለት ይቻላል። ዘይቱ ግን... እንዴት ልበላችሁ፣ ሶፍቱ ላይ ሳደርገው ቀይ አይደለም። ወተት የገባበት ከረከዴ ነው የሚመስለው። ሮዝ፣ አረፋ ያለው። የራዲያተሩ ክዳን ውስጥም እንደዛው ቅባት ነገር ተለጥፏል። ይሄ ምንድን ነው?

ስፓነር 14፦

ኦ ኦ። ቃሌን አነሳለሁ። ራዲያተርህ ነው ጉዱ።

የድሮ መካኒክ፦

ተገኘ። አሁን አንድ ሜትር አታንቀሳቅሳት።

የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ከራዲያተሩ ሥር ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ገብቶ ነው። ሁለቱን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ከታች ታያቸዋለህ። ያቺ ክፍል ከውስጥ ስትበሳ ውሃና ዘይት ይደባለቃሉ። መንገድ ላይ የዘይቱ ግፊት ስለሚበልጥ ዘይት ወደ ውሃ ይገባል፣ ሞቃ አቁመህ ስታጠፋት ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ የቀረው ግፊት ውሃውን ወደ ካምቢዮ ይገፋዋል። ውሃ የገባበት ካምቢዮ ውስጥ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ከብረቱ ጋር ያጣበቀው ማስቲሽ ይለቃል። ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ብቻ ስትሞላ ቆይተህ ይሆናል፣ ዝገቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። አልወቅስህም፣ እዚህ አገር ሁሉም የሚያደርገው ነው።

ዘይት ብትቀይርስ? አንዳንዴ ጥቂት ውሃ ገብቶ በዚያው ቀን ከተደረሰበት ደጋግሞ በማጠብ ይተርፋል። ያንተ ግን ቀድሞ እየተንሸራተተ ነው። መፈታት አለበት። ጅማ ላይ መፈታት ይችላል ወይ ላልከው፣ ካምቢዮ አዲስ አበባ መሆኑን አያውቅም። የሚያውቀው ንጽሕናን ነው። መካኒክህን «አውቶማቲክ ፈትተህ ታውቃለህ?» ብለህ ብቻ አትጠይቀው፣ ሁሉም አዎ ይላል። «ፍሪሲዮኑን ከመግጠምህ በፊት ምን ታደርገዋለህ?» በለው። ዘይት ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ ካላለ ውጣ። ደረቅ ዲስክ ከተገጠመ በመጀመሪያው ቀን ይቃጠላል፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ እኔ ግን ሌሊቱን አሳድረዋለሁ።

ስለ ሥራው መካኒክህ ይሄን ያንብብ፦ ጨርቅና ጥጥ ወደ ጠረጴዛው እንዳይቀርቡ። አንዲት ክር ቫልቭ ቦዲው (ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ውስጥ ከገባች ቫልቩን ታስይዛለች። በላምባ ታጥቦ በኮምፕሬሰር ይደርቅ፣ ጎሚስታ ጎረቤት ካለው ይበቃዋል። ቫልቭ ቦዲው ሲከፈት ትንንሽ ኳሶች አሉ፣ ቦታ ቦታቸው የተለየ ነው፣ ከማንሳቱ በፊት በስልኩ ፎቶ ያንሳ። የሚበታተኑ ቀለበቶችንና ኩዚኔታዎችን ለመያዝ ግራሶ እንዳይቀባ፣ ግራሶ አይሟሟም፣ ቀዳዳ ይዘጋል። ከሱቅ ተራ ቫዝሊን ይግዛ፣ እሱ በዘይቱ ሙቀት ይቀልጣል። ፒስተኖቹ ላይ ያሉ የጎማ ቀለበቶች ሁሉ ይቀየሩ፣ ደህና የሚመስሉትም ጭምር። ሲሞቅ ብቻ ችግር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከእነሱ ነው፦ ደርቀው ጠንክረዋል፣ ዘይቱ ሲቀጥን በጎናቸው ያልፋል።

ሲ-2 ተገጥሞ ሲያልቅ ካምቢዮው ሳይዘጋ በዘይት መግቢያው ቀዳዳ አየር ይስጠው። «ዱብ» የሚል ወፍራም ድምፅ ከሰማ ጥሩ ነው። «ፍስስ» ካለ አንድ ቀለበት ተቆርጧል፣ ይመለስ።

ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክብ ክፍል) የታሸገ ነው፣ በእጅ አይጸዳም። ውሃና የፍሪሲዮን ጭቃ ከጠጣ ሌላ ይፈለግለት። መልሶ ሲገጥም ደግሞ እያሽከረከረ ይግፋው፣ ደረጃ በደረጃ «ቀጭ፣ ቀጭ» እያለ ይገባል። ሳይገባ የካምቢዮውን ብሎን በግድ ካጠበቀ ፓምፑን ይሰብረዋል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ከገጠመ በኋላ ኮንቨርተሩ በእጅ ነጻ መዞር አለበት። ካልዞረ እዚያው ይቁም።

አዲስ ራዲያተር ሳይገባ፣ ቱቦዎቹም ሳይታጠቡ ይሄ ሁሉ ከንቱ ነው።

ጊቤን በሳምንት ሁለቴ፦

ሰላም፣ እኔ ሴት ሹፌር ነኝ፣ ወልቂጤ ጅማ በአውቶማቲክ ፒካፕ እመላለሳለሁ። ጋሼ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ካሠራሃት በኋላ የጊቤን ዳገት ተጭነህ ስትወጣ ኦ.ዲ.ውን (ኦቨርድራይቩን፣ 4ኛ ማርሽን) አጥፋው። አለዚያ 4ኛና 3ኛ መካከል ትዋዥቃለች፣ በተዋዠቀች ቁጥር ትሞቃለች። ጊቤ ድልድዩ ጋ ቆላ ነው፣ አየሩ ራሱ ይፋጃል፣ ካምቢዮው ደግሞ ከዚያ በላይ። እኔ ራዲያተሩን ትቼ ከፊት ለብቻው የቆመ የዘይት ማቀዝቀዣ ነው ያስገጠምኩት፣ ውሃ ከዘይት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ጭራሽ እንዳይኖር። ሲወርዱም 2 ላይ አድርጎ መውረድ፣ ፍሬን ብቻ መርገጥ አይደለም።

የድሮ መካኒክ፦

እህታችን ትክክል ነሽ። ያንቺ ይበልጣል።

ስፓነር 14፦

ማንዋል ካምቢዮ ማስገጠምስ? ሰው ሁሉ እያደረገ ነው

የድሮ መካኒክ፦

ይቻላል። ፔዳሉን፣ የፍሪሲዮን ፖምፓውን፣ ካርዳኑን፣ ኮምፒውተሩን ስታስብ ግን ሂሳቡ ከዚህ አይቀንስም። ያለውን ያሠራ።

የአጋሮ መንገድ፦

ጓዶች ተመልሻለሁ። ወር ሊሞላኝ ነው።

እዚሁ ጅማ ነው ያሠራኋት። ሦስት ጋራዥ ዞሬ የጋሼን ጥያቄ ጠየቅኩ፣ ሁለቱ አፍጥጠው አዩኝ፣ ሦስተኛው «ዘይት ውስጥ ነዋ፣ ደረቅ ይገጠማል እንዴ?» አለኝና እዚያው ቀረሁ። ሲፈታ አጠገቡ ነበርኩ። ሲ-2 ሲወጣ ዲስኮቹ ላይ መሆን የነበረበት ቡናማ ነገር እንደ ተላጠ ቀለም በእጄ ላይ ቀረ። ብረቱ ሰማያዊ ሆኗል ከመቃጠሉ የተነሣ። ሥሩ ያለው ማግኔት ላይ ግን ግራጫ ዱቄት ብቻ ነበር፣ ስባሪ ብረት የለም፣ ልጁ «ጥርሶቹና ኩዚኔታዎቹ ተርፈዋል» ብሎ ደስ አለው። ዲስክና ቀለበቶቹ እንዲሁም ኮንቨርተሩ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡልኝ። ሁለት ቀን ዝናብ ስለዘነበ «ዛሬ አልገጥምም፣ እርጥበት አለ» አለኝ። ያኔ ነው ልጁን ያመንኩት።

ራዲያተር ቀየርኩ፣ የዘይት ማቀዝቀዣውም እንደ እህታችን ለብቻው ከፊት ቆመ፣ ኩላንት ሞላሁ፣ ኬብሉ ተስተካከለ። ትናንት መርካቶ ያቺው ቦታ ሆን ብዬ ሄድኩ። አር አስገባሁ። አንድ ሳልል ያዘች!

አንዲት ነገር ብቻ ትከነክነኛለች። ጠዋት ጠዋት ስነሳ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች 4ኛ አትገባም። ከሞቀች በኋላ ደህና ናት። እንደገና ሊጀምራት ነው እንዴ?

የድሮ መካኒክ፦

አብሽር፣ ጤነኛ ናት። ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው 4ኛን የሚከለክለው፣ ከፋብሪካ እንደዛ ነው የተሠራችው። ድሮም ታደርገው ነበር፣ አላስተዋልክም እንጂ። ሂድ ቡናህን ጫን።