ከአሥራ ሁለቱ ውጭ ስላሉት የግሪክ አማልክት

ጠያቂ፦ መምህርት ከደሴ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደሴ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ክበብ አስተባብራለሁ። በዚህ ወር የያዝነው የግሪክ አፈ ታሪክ ነው። ተማሪዎቹ ዜውስን፣ ፖሲዶንንና አቴናን ከፊልም ስለሚያውቋቸው በእነርሱ ብዙም አልተቸገርኩም፤ እንዲያውም አንዱ ልጅ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 የልስጥራን ሰዎች በርናባስን «ድያ»፣ ጳውሎስን ደግሞ «ሄርሜን» ማለታቸውን አስታውሶ፣ ድያ ዜውስ መሆኑን ከእኔ ቀድሞ ለጓደኞቹ ነገራቸው። መልስ ያጣሁት አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ስማቸው የማይነሣው አማልክትስ ምን ይሠሩ ነበር?» ባለችኝ ጊዜ ነው። የታላላቆቹ አሽከሮች እንደ ነበሩ ነገርኳት፤ ሄስቲያ የተባለችው አምላክ ለወይን አምላክ ለዲዮኒሶስ ወንበሯን ለቅቃ ከአሥራ ሁለቱ ታላላቅ አማልክት መካከል እንደ ወጣች የሆነ ቦታ ያነበብኩትንም ጨመርኩላት። ልጅቷ ዝም አለች እንጂ አላመነችኝም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴን አላመንኩትም። በጉዳዩ ላይ ያነበባችሁ ብትረዱኝ፣ በተለይም በአንድ የክበብ ሰዓት ውስጥ ሊነበብ የሚችል ነገር ብትጠቁሙኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

መልስ፦ የጦሳ ልጅ

መምህርት፣ «አሽከሮች» የሚለውን ቢያነሡት እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የጠቀሷት ሄስቲያ የዜውስ ታላቅ እኅት ናት። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሄሲዮድ እንደሚተርከው የክሮኖስና የሬያ የበኩር ልጅ እርሷ ስትሆን፣ አባትየው ልጆቹን በተወለዱበት ተራ ሲውጣቸው መጀመሪያ የተዋጠችው እርሷ ነበረች፤ ኋላ እንዲተፋቸው በተገደደ ጊዜ ደግሞ መጨረሻ ወጣች። ስለዚህ አንድ የጥንት መዝሙር በአንድ ትንፋሽ የበኩርም የመጨረሻም ልጅ ይላታል። ፖሲዶንና አፖሎ ለጋብቻ ቢፈልጓት የዜውስን ራስ ነክታ በድንግልና ለመኖር ማለች፤ እርሱም በሠርግ ፈንታ የቤቱን መካከል ሰጣት።

ምድጃው የእርሷ ነው። በግብዣ ላይ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ወይን የሚፈሰው ለእርሷ ነበር። ሕፃን ከተወለደ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ታቅፈው በምድጃው ዙሪያ ያዞሩታል፤ ከዚያ በኋላ የቤቱ ሰው ነው። ከተማም እንደ ቤት ሁሉ የማይጠፋ እሳት የሚነድበት የራሱ ምድጃ ነበረው፤ ባሕር ተሻግረው አዲስ ከተማ የሚመሠርቱ ሰዎችም እሳቱን ከእናት ከተማቸው ይዘው ይሄዱ ነበር። ይህን ሳነብ የታየችኝ ወረኢሉ የነበረችው አያቴ ናት፤ ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ከጎረቤት እሳት ጭራ፣ ፍሙን በገል ይዛ፣ ነፋስ እንዳያጠፋባት በነጠላዋ ጫፍ ከልላ ስትመለስ።

ታሪኳ ያነሰው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ክብሯ ስላነሰ አይደለም። አትዋጋም፣ አታፈቅርም፣ ከቤት አትወጣም፤ ተራኪ ደግሞ የሚከተለው መንገደኛን ነው።

መልስ፦ ከሐይቅ ዳር

የጦሳ ልጅ በጻፈው እስማማለሁ፤ የወንበሩን ነገር ግን ሳላርም ማለፍ አልፈልግም። ሄስቲያ ለዲዮኒሶስ ቦታ ለቀቀች የሚለው ትረካ በጥንት የግሪክም ሆነ የሮማ ጽሑፍ አይገኝም፤ በቅርብ ዘመን ተራኪዎች የገባ ነው። የአሥራ ሁለቱ ዝርዝር ከቦታ ቦታ ይለያይ ስለ ነበር፣ አቴንስ በሚገኘው የፓርቴኖን ቤተ መቅደስ ምሥራቃዊ ቅርጽ ላይ ከተቀመጡት አሥራ ሁለቱ መካከል ዲዮኒሶስ ሲኖር ሄስቲያ የለችም፤ ይህን ለማስታረቅ የፈለገ ሰው ወንበር የመልቀቅ ታሪክ ቢፈጥር አይደንቅም። ፈላስፋው ፕላቶን ግን ሌሎቹ አማልክት በዜውስ መሪነት በሰረገላ ሲወጡ እርሷ ብቻዋን ቤት ትቀራለች ይላል፤ ከላይ «ከቤት አትወጣም» ለተባለውም ጥሩ ምስክር ነው።

ለክበብዎ የምመርጥልዎ ግን የምጥ አምላክ የሆነችውን ኤይሌይትያን ነው። ሌቶ አፖሎን ልትወልድ በዴሎስ ደሴት ዘጠኝ ቀንና ዘጠኝ ሌሊት አማጠች፤ የዜውስ ሚስት ሄራ በቅናት ኤይሌይትያን የአማልክቱ መኖሪያ በሆነው በኦሊምፖስ ተራራ ላይ ስላቆየቻት ነገሩን አልሰማችም ነበር። በምጡ ዙሪያ የተሰበሰቡት ሴት አማልክት መልእክተኛዋን ኢሪስን በስውር ላኩ፤ ሄራ እንዳትሰማ ለብቻዋ እንድትጠራትና በወርቅ ክር የተሰካ የዘጠኝ ክንድ የአንገት ጌጥ ቃል እንድትገባላት ነገሯት። ሁለቱ እንደ ርግብ እየተራመዱ መጡ። ኤይሌይትያ ዴሎስን በረገጠች ጊዜ ሌቶ የዘንባባውን ዛፍ አቅፋ፣ ጉልበቷን በለምለሙ ሣር ላይ ተክላ ወለደች። ከበር ውጭ ቆሞ «ማርያም ታውጣሽ» ሲባል የሰማ የወሎ ልጅ ይህን ክፍል ለመረዳት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም፤ ዜውስ ራሱ በዚያ ቤት ጉዳይ አልነበረውም።

ስሟም ጥንታዊ ነው። በቀርጤስ፣ በክኖሶስ ቤተ መንግሥት ከተገኙት ከ3,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ካላቸው የሸክላ ጽላቶች አንዱ በአምኒሶስ ለእርሷ አንድ ማሰሮ ማር እንደ ተሰጠ መዝግቧል። ጽሕፈቱ የተፈታው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት ያ ማር ለማን እንደ ተሰጠ የሚያነብ ሰው አልነበረም።

መልስ፦ የቦርከና ውሃ

ኢሪስን በመልእክተኛነቷ ብቻ አትለፏት። እርሷ ቀስተ ደመና ናት፤ እኛ «የማርያም መቀነት» የምንለው። ሄሲዮድ እንደሚለው በአማልክት መካከል ጠብ ተነሥቶ አንዱ የዋሸ እንደሆነ ዜውስ ኢሪስን ይልካትና ስቲክስ ከተባለው የሙታን ዓለም ወንዝ ቀዝቃዛ ውሃ በወርቅ ማሰሮ ቀድታ ታመጣለች። በዚያ ውሃ በሐሰት የማለ አምላክ አንድ ዓመት ሙሉ ትንፋሽና ድምፅ አጥቶ፣ እህል ውሃ ሳይቀምስ አልጋ ላይ ይወድቃል፤ ከዚያም ዘጠኝ ዓመት ከጉባኤም ከግብዣም ይታገዳል፤ የሚመለሰው በአሥረኛው ነው። ስቲክስም ራሷ አምላክ ናት። በእኛ አገር አበጋሮች ለእርቅ ሲቀመጡ የመሐላው ሰዓት እንዴት እንደሚከብድ ያየ ሰው፣ ሞት የማያውቃቸው አማልክት እንኳ የሚፈሩት ነገር ያስፈለጋቸው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ሆሜር ስለ ትሮይ ጦርነት በደረሰው ቅኔ፣ በኢልያድ 23ኛ ክፍል፣ የግሪኮቹ ጀግና አኪሌስ የጓደኛው የፓትሮክሎስ አስከሬን የተጋደመበት እንጨት አልነድ ሲለው ወደ ነፋሳት ይጸልያል፤ ኢሪስ መልእክቱን ይዛ ነፋሳቱ ግብዣ ላይ ወዳሉበት ቤት ትሄዳለች። ደፉ ላይ ስትቆም ሁሉም ብድግ ብለው እያንዳንዱ «ከእኔ ጎን» ይላታል። እርሷ ግን ወደ ኢትዮጵያውያን ምድር መሄዷ ነውና፣ መሥዋዕት እየቀረበ ስለሆነ ድርሻዋ እንዳያልፋት መቀመጥ እንደማትችል ትመልሳለች። በሆሜር ዘመን ይህ ስም በምድር ዳርቻ የሚኖሩ ጥቁር ሰዎች መጠሪያ ስለ ነበር፣ ዛሬ ካለችው ኢትዮጵያ ጋር አንድ አድርጎ ማስተማሩ ልክ አይሆንም፤ ይህን ለተማሪዎቹ አስቀድመው ቢነግሯቸው ይሻላል፤ አለዚያ ክበቡ በሙሉ ኢሪስ ግሸን መጥታ ነበር ወይ በሚል ክርክር ያልቃል።

ጠያቂ፦ መምህርት ከደሴ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ወንበሩ የነገርኳትን በሚቀጥለው ስብሰባ በሁሉም ፊት አርማለሁ። የሌቶን ምጥ ሴቶቹ እንዲያነቡት ሰጥቻለሁ። የጠየቀችኝ ልጅ ግን ኢሪስን ካልሆንኩ ብላለች፤ ነፋሳቱን የሚሆኑት ወንዶች ትናንት ሲለማመዱ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ገና ከበሩ ላይ ስትታይ ተነሥተው «ኖር» አሏት።