ቮሊዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም የሚያጉረመርም ትንሽ የቤዝ አምፕሊፋየር

ጤና ይስጥልኝ የሙያው ሰዎች፣ ከደሴ ነው የምጽፈው። ባለ 25 ዋት፣ ባለ 8 ኢንች ስፒከር የቤዝ አምፕሊፋየር ያለማቋረጥ "እምምም" ይላል። ቮሊዩሙን ዜሮ ባደርገውም፣ ጊታሩን ብነቅለውም አይቀንስም፤ ስለዚህ የምጠረጥረው ኬብሉን ወይም ጃኩን ሳይሆን ፓወር ሰፕላዩን (ለአምፕሊፋየሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበውን ክፍል) ነው። ከሶኬት ነቅዬ ስከፍተው ከሁለቱ ትላልቅ ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያጠራቅሙት፣ 2200 ማይክሮፋራድ፣ 35 ቮልት) የአንዱ አናት አብጧል፣ እግሩ ስርም ቡናማ ነገር ደርቋል።

በባቲ ቅኝት ስንጫወት ደግሞ ወፍራሙ የኢ ክር፣ 41 ኸርዝ አካባቢ፣ ይንጫረራል። የስፒከሩን ብሎኖች አጥብቄያለሁ፤ ኮኑን በጣት ቀስ ብዬ ስጫነው አይፋተግም።

ሁለቱንም ካፓሲተር አብሬ ልቀይር ነው። ገበያ ላይ ያገኘሁት ግን ባለ 50 ቮልት ነው፤ ቦታው ከበቃው ችግር አለው? ከመንካቴ በፊት የቀረውን ቻርጅ በስንት ኦም ሬዚስተር ላውርደው? መንጫረሩስ ከዚሁ ይመጣል ወይስ ሌላ ልፈልግ? እባካችሁ፣ ቅዳሜ ሰርግ አለብን።