ክርክር፦ ኤሪየል ጥቁር ብትሆን ማን ምን ተወሰደበት?

የሊያ እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ትናንት በምሳ ሰዓት የሰማሁት ነገር ሲከነክነኝ ስላደረ ወደ እናንተ አመጣሁት። አብራኝ የምትሠራ አሜሪካዊት፣ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ስለ ልጆች ፊልም ስናወራ «የልጅነቴን ኤሪየል ወሰዱብኝ» አለች። ኤሪየል ማለት ዲዝኒ በ1989 በካርቱን የሠራት ቀይ ፀጉር ያላት የባሕር ልጃገረድ ናት፤ ከወገቧ በታች ዓሣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ፊልሙ በ2023 በሰው ተዋናይ ሲደገም ሚናው የተሰጠው ለጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ለሃሊ ቤይሊ ነው። መመረጧ በ2019 ከተነገረበት ቀን ጀምሮ በልጅቷ ላይ የወረደውን የስድብ ናዳ ታስታውሳላችሁ።

ፊልሙ ሲወጣ ልጄ ሊያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ቅዳሜ ማታ ሹሩባ ሠርቼላት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይዣት ሄድኩ። ሃሊ የራሷ ድሬድ አላት፤ ለፊልሙ ብለው አላስፈቱባትም፣ ቀይ ፀጉር አልብሰው እዚያው ተዉላት። ያ ፀጉር ውሃው ውስጥ ሲበተን ዞር ብዬ ሊያን አየኋት። ከሹሩባዋ አንዷን ዘለላ ወደ ዓይኗ ጎትታ በስክሪኑ ብርሃን እያገላበጠች ታያለች። ምንም አላለችም። መኪና ውስጥ ነው «እማዬ፣ የእኔም ውሃ ውስጥ እንደዚያ ይንሳፈፋል?» ያለችኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በፀጉሯ ምክንያት ዋና አልገባም እያለች ስታስለቅሰኝ የኖረች ልጅ፣ በሳምንቱ ዋና ውሰጂኝ አለች።

አቋሜን ልናገር። አገርና ሕዝብ የሌለው ተረት ሲደገም ሚናው ለየትኛዋም ልጅ ክፍት መሆን አለበት። የምትቃወሙኝ ካላችሁ በግልጽ ንገሩኝ፤ ነገ ለዚያች ሴት የምመልሰውን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ዳዊት (አዲስ አበባ)፦

እህቴ፣ ሊያን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ። የጻፍሽው ልቤን ነክቶታል፤ ግን አልስማማም።

እኔ እንጀራዬ አኒሜሽን ነው። አንድ ገጸ ባሕርይ እንዴት እንደምትወለድ አውቃለሁ። የፊቷ ቅርፅ፣ የፀጉሯ ቀለም፣ አረማመዷ፣ ሁሉም የሆነ ሰው ወራት ቁጭ ብሎ የለፋበት ነው። ሕዝብ ለሠላሳ ዓመት ያቺን ፊት ወዷታል። ባልደረባሽ ያዘነችው ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ያዘነ ሰው ሁሉ ዘረኛ አይደለም።

ደግሞ ሚዛኑ አንድ ይሁን። ነገ ሆሊውድ የእቴጌ ጣይቱን ታሪክ ሠርቶ ለነጭ ተዋናይ ቢሰጥ እኔና አንቺ ዝም እንላለን? በ2023 ኔትፍሊክስ ክሊዮፓትራን በጥቁር ተዋናይ ሲያቀርብ የግብፅ የቅርስ ባለሥልጣናት መግለጫ እስከማውጣት ደረሱ። እነሱ ሲቆጡ ይበዛል ካልን፣ እኛ ስንቆጣ ደግሞ ተገቢ ነው ልንል አንችልም።

የእኔ ትልቁ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። በቀለም የተቀየረ የሌላ ሰው ታሪክ ትርፍራፊ ነው። በ2009 ያው ኩባንያ ቲያናን ሠርቷል፤ የኒው ኦርሊንስ ልጅ፣ የመጀመሪያዋ ጥቁር ልዕልት። ለምን ሌላ ቲያና አይሠራም? ምክንያቱም አዲስ ታሪክ ልፋትም ኪሳራም አለው። ያለቀውን ወስዶ ተዋናይ መቀየር ይቀላል፣ ጭብጨባም ያስገኛል። ሊያ የሚገባት የራሷ የሆነ ነው።

የሊያ እናት፦

ዳዊት ወንድሜ፣ ጣይቱ እኮ ኖራለች። መቃብሯ በዓታ ነው፣ ሄደህ ትሳለማለህ። ክሊዮፓትራም በስም በዘመን የምትታወቅ ንግሥት ናት። የኖረን ሰው መልክ መቀየርና ግማሽ አካሏ ዓሣ የሆነች፣ ከሸርጣን ጋር የምታወራ ልጅን መልክ መቀየር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ስለ ቲያና ካነሣህ ደግሞ፣ ሊያ ፊልሙን ካየች በኋላ የጠየቀችኝን ልንገርህ፦ «ለምን ቶሎ እንቁራሪት አደረጓት?» አብዛኛውን ፊልም እንቁራሪት ናት።

ቢኒያም (ኮፐንሃገን)፦

የዚህች የባሕር ልጃገረድ ጎረቤት ስለሆንኩ እኔም ልግባ። እዚህ ላንገሊኒ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ድንጋይ ላይ የተቀመጠች የእሷ ሐውልት አለች። ነሐስ ናት፣ ከ1913 ጀምሮ እዚያ አለች፣ ቁመቷ 1.25 ሜትር ብቻ ነው። ዘመድ ሲመጣ ሁልጊዜ የምወስደው እዚያ ነው፤ ሁሉም «ይቺው ናት?» ይላል። በ2020 ክረምት የተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ አንድ ሰው «ዘረኛ ዓሣ» ብሎ ጽፎበት አደረ። ለምን እንደተጻፈ እስካሁን የገባኝ የለም፤ ጭቅጭቁ ግን እስከ ድንጋዩ ደርሷል።

ዲዝኒ የተነሣበትን ታሪክ የጻፈው ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ነው፤ ያወጣው በ1837 ነው። እውነቱን ለመናገር ጽሑፉ ዳዊትን የሚያግዝ ነገር አለው፤ ቆዳዋ እንደ ጽጌረዳ ቅጠል፣ ዓይኗ እንደ ጥልቅ ባሕር ሰማያዊ ነው ይላል። ይኼን መደበቅ አልፈልግም። ነገር ግን ቀጥላችሁ አንብቡ። ልጅቷ ኤሪየል አትባልም፣ ስም እንኳ የላትም። በእግሯ በተራመደች ቁጥር ስለት የረገጠች ያህል ያማታል። ልዑሉ ሌላ ሴት ያገባል፤ እሷ ራሷን ባሕር ላይ ጥላ አረፋ ትሆናለች፣ ከዚያ የአየር መንፈሶች ይቀበሏታል። የታሪኩ ልብ የማትሞት ነፍስ ለማግኘት የምትከፍለው ዋጋ ነው።

በ1989 ዲዝኒ ይኼን ሁሉ አውጥቶ ሠርግ አደረገው። የሞተችውን ልጅ ዳራት! ያኔ «የአንደርሰንን ታሪክ ወሰዱብን» ያለ አሜሪካዊ አልሰማሁም። ታሪኩ ልቡ ሲወጣ ያልጮኸ ሰው ቆዳው ሲቀየር ከጮኸ፣ ያሳዘነው ምን እንደሆነ ራሱን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ጋሽ መኮንን (ጎንደር)፦

ልጆቼ፣ እኔ ፊልሙን አላየሁትም። ግን አርባ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ አንድ የቆየ ነገር ላስታውሳችሁ።

በግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የምትባል ልዕልት አለች። እናቷ ካሲዮፔያ በመልክ ስለታበየች የባሕር አውሬ በአገሩ ላይ ተላከ፤ ልጅቷን ለአውሬው መሥዋዕት አድርገው ከአለት ጋር አሰሯት፣ ፐርሴዎስ መጥቶ አዳናት። የማን ልጅ ናት? የኬፌዎስ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ። በእርግጥ የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» የዛሬው ካርታችን ሳይሆን ከግብፅ በታች ያለው የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ ነው፤ አንዳንዶቹም ታሪኩን ወደ ኢዮጴ፣ ወደ ዛሬዋ ያፎ፣ ወስደውታል። ሮማዊው ኦቪድ ግን በአንድ ግጥሙ በአገሯ ቀለም ጠይም መሆኗን ይናገራል። የአውሮፓ ሠዓሊዎቹን ቲሺያንንና ሩበንስን ተመልከቱ፤ ከአለቱ ጋር የታሰረችው እንደ ወተት የነጣች ሴት ናት። በ1981ም በ2010ም በወጡት ፊልሞች አንድሮሜዳ ነጭ ናት። እነሆ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ሲቀየር የኖረ መልክ! ለዚህ ማንም «ልጅነቴን ወሰዱብኝ» አላለም።

የራሳችንንም ልናገር። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ቀና በሉ። ጣራውን የሞሉት መላእክት ዓይናቸው ጎላ ጎላ ያለ፣ ፀጉራቸው የእኛው፣ ፊታቸው የጎንደር ልጅ ፊት ነው። ሠዓሊው ቅዱሱን ነገር ሲወድ በራሱ ሰው መልክ አየው። ይኼ ሌብነት አይደለም። ጻድቁን ፊቱን በሙሉ፣ ኃጥኡን በጎን በአንድ ዓይን መሣልም ከአባቶች የመጣ ነው። ግን ልጆቼ፣ በዚያው ግድግዳ ላይ ሰይጣኑን ጥቁር አድርገን የሣልነውም እኛው ነን። ተማሪዎቼን ለጉብኝት ስወስድ አንዱ ልጅ «የኔታ፣ ሰይጣን ለምን የእኔን ቀለም ይዞ ተሣለ?» አለኝ። ያን ቀን ያጎረስኩት መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሜሮን (ነታንያ፣ እስራኤል)፦

ጋሼ፣ ያ የአንድሮሜዳ አለት ነው የሚባለው እኮ ያፎ ወደብ ፊት ለፊት ነው፤ ከእኛ ብዙም አይርቅም። ስንት ጊዜ አይቼው የኢትዮጵያ ልጅ መሆኗን የነገረኝ የለም።

ዳዊት፣ ላንተ ነው የምጽፈው። ከጎንደር ወደዚህ የመጣሁት የአራት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ፑሪም የሚባለው የአይሁድ በዓል ደረሰ። ፑሪም ላይ የአስቴር መጽሐፍ ይነበባል፣ ልጆች ልብስ ቀይረው ይመጣሉ፤ ግማሹ ክፍል ንግሥት አስቴር ነው። እናቴ ከራሷ ነጠላ ጥበቡን ፈትታ ቀሚስ ሰፋችልኝ፣ ከወርቃማ ወረቀት ዘውድ ሠራችልኝ። የክፍሉ ድራማ ሲመደብ አስቴርን እሆናለሁ አልኩ። መምህሯ በጣም ደግ ሴት ነበረች። አቅፋኝ «አንቺ ለምን ንግሥተ ሳባን አትሆኚም? እሷ የራስሽ ናት፣ ታምርብሻለች» አለችኝ።

ንግሥተ ሳባ ንግሥት ናት፣ ክብሬ ናት። ግን በአስቴር መጽሐፍ ውስጥ የለችም። ስለዚህ ዘውዴን አድርጌ ዳር ቆምኩ፤ በታሪኩ ውስጥ የምለው አንድ ቃል አልነበረኝም። መጽሐፉ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቁጥር ንጉሡ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ በ127 አገሮች ላይ ነገሠ ነው የሚለው። አገሬ በር ላይ ተጽፏል፣ እኔን ግን የሚያስገባኝ ጠፋ።

አየህ ወንድሜ፣ «ሊያ የሚገባት የራሷ ነው» ያልከው እውነት ነው። ያቺ መምህርም ያለችኝ እሱኑ ነበር። የራሴንም እፈልጋለሁ፤ የጋራ በሆነውም ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ።

ዳዊት፦

ሜሮን፣ ይኼን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ትርፍራፊ» ያልኩትን ቃል አነሣለሁ። ትክክል አልነበረም።

አንድ ጥያቄ ግን አልለቅም። የተረቷ ልዕልት ስኖው ኋይትስ? ስሟ ራሱ በረዶ የመሰለች ማለት ነው፤ ከግሪሞች የ1812 መጽሐፍ ጀምሮ ታሪኩ የሚነሣው ከቆዳዋ ንጣት ነው። በተረቱ ውስጥ ያለው የሚናገር መስተዋትም ስለ መልክ ነው የሚናገረው። በ2025 እናቷ ከኮሎምቢያ ዘር የሆነችው ሬቸል ዜግለር ስትሠራው፣ የስሙን ምክንያት ቀይረው በበረዶ አውሎ ነፋስ ስለተወለደች ነው አሉ። ታሪኩን አጥፈው ተዋናይዋን ማስገባት አይሆንም? «ሊሎ ኤንድ ስቲች» በሚባለው የዲዝኒ ፊልም የሊሎ እህት የናኒ ጉዳይስ? በ2002ቱ ካርቱን ጠይም የሃዋይ ልጅ የነበረችው በ2025 ቀላ ላለች ተዋናይ ተሰጠች፤ ተዋናይዋ እዚያው ሃዋይ ያደገች ብትሆንም ብዙ የሃዋይ ሰዎች ከፍቷቸዋል። እነሱን ስሙ የምንል ከሆነ ባልደረባሽንም መስማት አለብን።

የሊያ እናት፦

በስኖው ኋይት አልከራከርህም። ስሙ የተሠራው ከቆዳዋ ነው፣ ሲቀይሩት ስፌቱ ይታያል። ሬቸል ላይ የደረሰው ስድብ ነውር ነው፤ ግን ታሪኩ ላይ ያነሣኸው ጥያቄ ተገቢ ነው።

ናኒን ግን ከባልደረባዬ ጋር አትደምርብኝ። ባልደረባዬ ቴሌቪዥን በከፈተች ቁጥር እሷን የሚመስል ሰው አለ፤ አንዷ ኤሪየል ብትቀየር ሌሎቹ ሁሉ አሉላት፣ የ1989ኙም ቢሆን ጠፍቶ አይደለም፣ ዛሬ ማታ ታየዋለች። ጠይሟ የሃዋይ ልጅ ናኒን ካጣች ግን ማንን ታያለች? የቀለም ለውጥ ከብዙ ላይ ሲነሣና ከአንድ ላይ ሲነሣ እኩል አይጎዳም። ሙላንን ለቻይና፣ ሞአናን ለፓሲፊክ ደሴቶች ልጅ መተው ያለብን ለዚህ ነው። በ2019 አላዲንን የሠራው ካይሮ የተወለደ ልጅ ነው፤ በ1992 ካርቱን ላይ ድምፁን የሰጠው ነጭ አሜሪካዊ ነበር፣ ያኔ ማንም አልጠየቀም።

ቢኒያም፦

ገንዘቡን የሚያነሣ ሰው ከመጣ ቀድሜ ልበል፤ የሃሊ ፊልም በዓለም ዙሪያ 569 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገብቷል፣ ቻይና ውስጥ ግን አራት ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ይኼ ለማንም ማስረጃ አይሆንም። ልጅ ቲኬት ቆርጦ አይገባም፣ ወላጅ ነው የሚቆርጠው።

ዳዊት፦

እሺ፣ ስለ ብዙና ስለ አንድ ያልሽው ይዞኛል። እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩትን ልናገር።

ካርቱን አድካሚ ነው፤ በሰከንድ 12 ሥዕል ብቻ ብንጠቀም እንኳ ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕል ያስፈልጋል። ዓምና ለአንድ ደንበኛ የልጆች ምግብ ማስታወቂያ ሠራን። ገጸ ባሕርይዋን እኔ ሣልኳት፤ የእህቴን ልጅ እያየሁ ነው የሣልኳት፣ ጠይም፣ ግንባሯ ሰፊ፣ ፀጉሯ ጎፈሬ። ደንበኛው ወደዳት። ከዚያ «ቀለሟን ትንሽ ፈካ አድርጉት» አለ። አደረግነው። «አሁንም ትንሽ» አለ። ሦስተኛ ጊዜ መለሰው። በመጨረሻ በቴሌቪዥን የወጣችው ልጅ የእህቴን ልጅ አትመስልም። የእህቴ ልጅ ማስታወቂያውን አይታ «ጋሼ፣ ይቺ ማን ናት?» አለችኝ። ደንበኛው ሐበሻ ነው፣ ዲዝኒ አይደለም፤ ቀለሙን የቀየረውም የእኔ እጅ ነው።

የመጀመሪያው ሥዕል አሁንም ኮምፒውተሬ ላይ አለ። የሊያ እናት፣ አድራሻ ላኪልኝ፤ ለሊያ እልክላታለሁ። ዋና ልብስ ልሣልላት?

የሊያ እናት፦

ሣልላት። ሹሩባዋ ግን ስድስት ዘለላ ነው፤ ካሳነስክ ትቆጥራለች።