ስትራቴ ቀለሙ እየተላጠ ነው፦ ላስቀባው ወይስ እንደ ሮሪ ጋላገር ጊታር ልተወው?

ናቲ ከዱባይ፦

ሰላም ናችሁ ጊታር ወዳዶች። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል በናታችሁ ታገሱኝ። አንድ ሴኮንድ ሀንድ ስትራት (ስትራቶካስተር ሚባለው ኤሌክትሪክ ጊታር) አለኝ፣ ሜክሲኮ የተሰራ ፌንደር፣ ሰንበርስት ነው ቀለሙ፣ መሀሉ ፈካ ጠርዙ ጠቆር ያለ። ቅዳሜ ማታ ከሀበሻ ልጆች ጋር አንድ ኤሲ የሌለው ጋራዥ ውስጥ እንለማመዳለን፣ እኔ ደግሞ ሲያልበኝ ለጉድ ነው፣ ክንዴ ሚያርፍበት ጠርዝ ላይ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ እየተነሳ ነው፣ አንዳንዱ ጥፍር ሚያህል ሆኖ ይረግፋል። አዲስ ክር ገጥሜ ሳይቆይ ይዝጋል። በዛ ላይ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያሉት ቀጫጭን ብረቶች) ስይዝ ዝዝዝ ይላል፣ ወደ ላይ ስወጣ ግን ደህና ነው።

አንድ ጊታር ሚጠግን ሰውዬ ጋ ወስጄው ቀለሙን በሙሉ ገፍፌ አዲስ ልቀባልህ አለኝ፣ የጠራው ዋጋ ጊታሩን ከገዛሁበት ብዙም አይርቅም። ስለ ዝዝታው ምንም አላለም። ቤዚስታችን ደግሞ እብድ ነህ እንዴ ብሎ የሮሪ ጋላገርን ጊታር ፎቶ ላከልኝ፣ ቀለም ሚባል ነገር የቀረው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ብቻ ነው፣ ሌላው እንጨት ነው፣ እንዲያውም በብርጭቆ ወረቀት ጨምረህ ፋቀው ያምርበታል እያለኝ ነው። ሮሪን እውነት ለመናገር በስም ብቻ ነው ማውቀው። ምን ላርግ? ሮሪንም ምታውቁት ካላችሁ ንገሩኝ፣ ለምንድነው ያ ጊታር እንደዛ የሆነው?

ማርታ ዘ ኮርክ፦

ናቲ ትክክለኛ ሰው አገኘህ 😄 እኔ አየርላንድ ኮርክ ነው ምኖረው፣ የብሉዝ ሮክ ጊታሪስቱ ሮሪ ያደገበት ከተማ፣ እዚህ በስሙ የተሰየመ አደባባይ አለ፣ ስራ ስሄድ በዛ ነው ማልፈው። የተወለደው ግን ሰሜን ምዕራብ በኩል ባሊሻነን ሚባል ትንሽ ከተማ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1948 ማርች 2፣ እዛ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ ጊታር እንደያዘ ሀውልት ቆሞለታል፣ በየአመቱም ፌስቲቫል ይደረግለታል።

ጊታሯን የገዛት በ1963 ነው፣ ኮርክ ውስጥ ክራውሊ ሚባል የሙዚቃ እቃ ቤት ነበር፣ ዋጋዋ 100 ፓውንድ፣ እሱ ያኔ የ15 አመት ልጅ ነው፣ በብድር ነው የወሰዳት። ለእናቱ ምን እንዳላት ታውቃለህ? በዚህ ጊታር ሪትሙንም (አጃቢውን) ሊዱንም (ዋናውን ዜማ) እኔው ስለምጫወት ሁለተኛ ጊታሪስት አያስፈልገንም፣ ክፍያው ለኔ ይሆናል፣ በሱ እከፍላለሁ 😂 ሂሳብ ይችላል ልጁ። ጊታሯ የ1961 ስሪት ናት፣ በፊት የሌላ ባንድ ጊታሪስት ነበር የያዛት፣ ሰውዬው ያዘዘው ቀይ ነው፣ ሰንበርስት መጣለት፣ ቀዩ እስኪመጣ ተጫወተባትና ሲመጣለት ሸጣት። አየርላንድ የገባች የመጀመሪያዋ ስትራት ናት ይላሉ እዚህ ያሉ ሰዎች።

ስለ ቀለሙ፦ ደብሊን ውስጥ ከመኪና ተሰርቃ ነበር፣ በ60ዎቹ። ቀናት አልፈው ቦይ ውስጥ ተጥላ ተገኘች፣ ዝናብ ሲወርድባት ከርማ። ከዛ በኋላ ሮሪ እንደማይሸጣት እንደማያስቀባትም ወሰነ። እንግዲህ ያንተን ጥያቄ ሰውዬው ራሱ ያኔ መልሶታል ማለት ነው። የኔ ምክር አታስቀባው ነው፣ ስለ ዝዝታው ሚያውቅ ይንገርህ።

ሶልደር፦

ቀለሙን ከዝዝታው ለዩት። ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ አስቸኳዩ ደግሞ ዝዝታው ነው።

ናቲ እንዲህ አርገህ እይ። ጊታሩን ቃኝተህ እንደምትጫወተው ያዘው፣ ስድስተኛውን ክር (ወፍራሙን) በግራ እጅህ 1ኛ ፍሬት ላይ ተጫን፣ በቀኝ እጅህ ደግሞ አንገቱ ከአካሉ ሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫን፣ ከዛ 7ኛ 8ኛ ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሀል ክፍተት አለ ወይ ብለህ ተመልከት። ወረቀት ሚያስገባ ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት። ጭራሽ ከሌለና ክሩ ፍሬቱ ላይ ተኝቶ ከሆነ አንገቱ ወደ ኋላ ተለምጧል ማለት ነው፣ ታች ያሉት ፍሬቶች ብቻ ዝዝ ሚሉትም ለዛ ነው ሊሆን ሚችለው። አንገቱ ውስጥ ትረስ ሮድ ሚባል ብረት አለ፣ እሱን ትንሽ ታላላዋለህ። ትንሽ ማለቴ ነው!! ከሩብ ዙር አትበልጥም፣ ከዛ ቃኝተህ ታየዋለህ፣ እንጨቱ ቦታውን እስኪይዝ እስከ ማግስቱ ትተወዋለህ። ሮዱ አልዞር ካለ አታስገድደው፣ ከሰበርከው አንገቱ አለቀለት።

ለምን ተለመጠ ካልክ፣ ቤትህ ኤሲ ነው ደረቅ ነው፣ ጋራዡ እርጥበትና ሙቀት ነው፣ እንጨቱ ሁሌ ሲያብጥ ሲኮማተር ነው ሚኖረው። የሮሪ ጊታር አንገትም እኮ ከላቡ ብዛት እርጥበት ጠጥቶ አልስተካከል ብሎ ተፈቶ ተቀምጦ ነበር፣ ሌላ አንገት ተገጥሞላት ቆይቶ ነው ዋናው የተመለሰው። ሰው ፎቶውን አይቶ ሰውዬው ጊታሩን የጣለ ይመስለዋል፣ ውሸት ነው፣ ፍሬቶቿ ስንቴ ተቀይረዋል፣ ፒካፕ (የክሩን ድምፅ ሚቀበለው ማግኔት) ተነካክቷል፣ መቃኛዎቿን ብታይ አምስቱ የአንድ ኩባንያ ናቸው አንዱ የሌላ፣ 12ኛ ፍሬት ላይ ካሉት ነጠብጣቦች አንዱ ወድቆ በፕላስቲክ ተተክቷል። ለድምፅና ለእጅ ሚያስፈልገውን ሁሉ እየጠገነ ነው የኖረው፣ ያልነካው ቀለሙን ብቻ ነው።

አሁን ቀለም። ሜክሲኮ ስትራት ላይ ያለው ፖሊስተር ነው፣ ወፍራም ደረቅ ሽፋን ነው፣ የሮሪ የ61ዷ ላይ የነበረው ናይትሮ ሚባል የድሮ ቀለም ነው፣ እሱ ቀጭን ስለሆነ በላብና በክንድ እየተፋቀ ቀስ በቀስ ይሳሳል። ፖሊስተር አይሳሳም፣ እንደ እንቁላል ልጣጭ ነው ሚረግፈው። ስለዚህ 30 አመት ብታልብበት የሮሪን አይሆንልህም። በብርጭቆ ወረቀት ፋቀው ያለህ ልጅ ደግሞ ከስሩ ያለውን ሲለር (እንጨቱን ሚደፍነውን ጠንካራ ሽፋን) ፍቆ አያውቅም መሰለኝ፣ ክንድህ ይገነጠላል፣ አቧራውም ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ግድ ካልክ ያለ ማስክ እንዳትሞክረው። ሚሻለው፣ የተነሳውን ጠርዝ ቀጭን ሱፐር ግሉ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ጠብ አርገህበት እንዳይቀጥል ማስያዝ ነው። አለቀ።

አባ ሸክላ (ጀርመን)፦

ናቲ ልጄ፣ ስለ ሮሪ ሲነሳ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ጀርመን የመጣሁት በደርግ ጊዜ በስደት ነው፣ ቋንቋም ሰውም ሳላውቅ፣ ፋብሪካ አብሮኝ ይሰራ የነበረ አንድ ጀርመናዊ ነው ኮንሰርቱ ላይ የወሰደኝ። እኔ ሮክ ሙዚቀኛ ሲባል በዛን ጊዜ ብልጭልጭ ልብስ፣ ጭስ፣ መብራት ምናምን ነበር ምጠብቀው፣ ሰውዬው ግን በዛ በቼክ ሸሚዙና በጂንሱ ብቅ አለ፣ እኛ ለፈረቃ ስንገባ ከምንለብሰው በምንም አይለይም፣ ጓደኛዬን ይሄ ዕቃ ሚያነሳው ልጅ ነው ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ከዛ ጊታሯን ሰካና ጀመረ፣ ሁለት ሰዓት ምን ያህል ነው? ሸሚዙ በላብ ጥቁር ሆነ፣ ፀጉሩ ፊቱ ላይ ተለጠፈ፣ ጊታሯ ላይ ላቡ ሲንጠባጠብ በአይኔ አይቻለሁ። መሀል ላይ ደግሞ ሁሉን አቁሞ ብረት አካል ያላትን ናሽናል ጊታር አንስቶ ብቻውን ተቀመጠ፣ ቀጥሎ ማንዶሊን፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው በእግሩ ሲመታለት ነበር።

ብሉዙ ደግሞ ለጆሮዬ እንግዳ አልሆነብኝም፣ ቆይቼ ነው ምክንያቱ የገባኝ፣ ኤ ማይነር ፔንታቶኒክ ሚሉት አምስቱ ድምፅ ከሲ (C) ከሚነሳው ከኛው ትዝታ ሜጀር ቅኝት ጋር አንድ ነው፣ መነሻና ማረፊያው ነው ሚለየው። ሞክረው እስቲ።

ሌላ ማልረሳለት ነገር፣ በ70ዎቹ ሰሜን አየርላንድ ቦምብ ሲፈነዳ ብዙ ባንድ ቤልፋስትን ሲሸሽ እሱ እየሄደ ይጫወት ነበር። የ1974ቱ የአየርላንድ ጉዞ ላይቭ አልበሙን ስማ፣ ቤልፋስት፣ ደብሊንና ኮርክ ነው የተቀረፀው፣ ካቶሊኩም ፕሮቴስታንቱም አንድ አዳራሽ ገብቶ ይጮህለታል። እኔ ከጦርነት ሸሽቶ ለመጣ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም።

በ1995 ጁን 14 ለንደን ሞተ፣ የጉበት ንቅለ ተከላ ተደርጎለት ከዛ በመጣ ችግር፣ ገና 47 አመቱ ነበር። ያን ሰሞን እኔና ያ ጀርመናዊ ከስራ ስንወጣ አንዲት ቢራ ቤት ቁጭ ብለን ስሙን እያነሳን አመሸን። ጊታርህን አታስቀባ፣ ገንዘቡን ላይቭ አልበሞቹን ግዛበት።

ሳሚ ቶን፦

ጋሼ ታሪኮ ደስ ሲል፣ እድለኛ ኖት በጣም ነው ምቀናው። እኔ ግን ሁለት አፈ ታሪክ ላፍርስ፣ ይቅርታ 😅

አንደኛ፣ ዝነኛውን ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስን "የአለም ምርጥ ጊታሪስት መሆን ምን ስሜት አለው" ሲሉት ሮሪን ጠይቁት አለ ሚባለው ወሬ ማንም ቅጂውን ያሳየ የለም፣ ተመሳሳይ ወሬ በሌሎች ጊታሪስቶችም ስም ይዞራል። ሮሪን ለማግነን ደግሞ ምንም አያስፈልግም፣ በ1975 ጃንዋሪ ሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ሲፈልጉ ሮተርዳም ድረስ ጠርተውት አብሯቸው ተጫውቷል፣ እሱ ግን የራሱ የኮንሰርት ጉዞ ስለነበረበት ትቷቸው ሄደ። ይሄኛው የተረጋገጠ ነው።

ሁለተኛ፣ ደሙ የተለየ ስለሆነ ላቡ አሲድ ነበር ቀለሙን በላው ሚሉት። አቦ ተዉ። ቦይ ውስጥ ዝናብ የመታት፣ ከዛ ስንት አመት በየሌሊቱ ከክንዱ ጋር የተፋተገች ቀጭን ናይትሮ ያላት ጊታር ናት፣ ምን ተአምር ያስፈልጋታል?

ናቲ ድምፁን ከፈለግክ ቀለሙ ጋ አይደለም ያለው። በ70ዎቹ መጀመሪያ ጊታር፣ ሬንጅማስተር ሚባል ትሬብል ቡስተር (ቀጭኑን ድምፅ ሚያጎላ ትንሽ ሳጥን)፣ ቮክስ ኤሲ 30 አምፕ፣ ይሄው ነው። ፔዳል ደርድሮ አልነበረም። አምፑን ከፍ አርጎ ጊታሩ ላይ ያለውን ቮልዩም በትንሿ ጣቱ ያወርዳል ይሰቅላል፣ ሲያወርድ ጥርት ይላል፣ ሲሰቅል ይጮሀል። አንተ ጋራዥ ውስጥ አምፑን ዝቅ አርገህ ጊታሩን 10 ላይ ለጥፈህ ነው ምትጫወተው አይደል? ገለባብጠው።

ናቲ ከዱባይ፦

ወይኔ እንዴት ላመስግናችሁ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ያሉኝን አልበም ትላንት ማታ ሰማሁት፣ እስካሁን አልወጣልኝም። ትዝታውንም ሞከርኩት፣ የምር ያው ነው!

ሶልደር ያልከኝን አየሁት፣ ክፍተት የለም፣ ክሩ ፍሬቱ ላይ ተኝቷል። ሩብ ዙር አላልቼ አሳደርኩት፣ 3ኛና 4ኛ ፍሬት ፀጥ አሉ፣ 1ኛው ላይ ትንሽ ይቀረዋል። ድጋሚ ልንካው? ስለ ዝገቱም ያለኝ ሰው የለም።

ሶልደር፦

ሁለት ቀን ጠብቅና እሩብ ሳይሆን የእሩብ ግማሽ ጨምር። ዝዝታው ከዛም ካልለቀቀ ብሪጁ (አካሉ ላይ ክሮቹ ሚታሰሩበት ብረት) ላይ ያሉትን ሳድሎች፣ ክሮቹ ሚያርፉባቸውን፣ ትንሽ ከፍ አርግ፣ ሮዱን ደጋግመህ አትነካካ።

ለዝገት ኤሊክሰር አይነት ሽፋን ያለው ክር ግዛ፣ ይወደዳል ግን ላንተ ያዋጣል። ተጫውተህ ስትጨርስ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ከክሮቹ ስር አስገብተህ አንገቱን ጥረግ፣ ብሪጁንም፣ እነዛ ትንንሽ ብሎኖች ከዛጉ መፍታት መከራ ነው፣ ክር ስትቀይር ጠብታ ዘይት አድርግባቸው። ጊታሩን ኤሲው ፊት ለፊት አትስቀለው፣ ኬዝ ውስጥ አድርገው። ጋራዥ ስትደርስም ወዲያው አትቃኝ፣ ትንሽ ሙቀቱን ይልመድ።

ሳሚ ቶን፦

ቤዚስቱን ግን ከጊታሩ አርቁት 😂 ቢያንስ ብርጭቆ ወረቀቱን ቀሙት። ፌንደር እራሱ እኮ የሮሪን ጊታር ቅጂ ቁስሏን ጭምር እያስመሰለ በከስተም ሾፕ፣ ልዩ ጊታሮች በሚሰራበት ክፍሉ፣ ሰርቶ ሸጧል፣ ያ በባለሙያ እጅ ነው፣ እሱንም እኔ አልወደውም፣ የሰው ላብ በብር ሲገዛ ደስ አይለኝም።

ናቲ ከዱባይ፦

ብርጭቆ ወረቀቱን ደብቄዋለሁ 😂 ቀለሙን በሱፐር ግሉ አስይዤ እተወዋለሁ፣ ወስኛለሁ። ማርታ ደግሞ አንድ ጥያቄ፣ እህቴ ደብሊን ናት፣ በሰመር ልሄድ እችላለሁ፣ ዋናዋ ጊታር አሁን የት ናት? የግል ሀብታም ቤት ገብታ ቀረች ወይስ ትታያለች?

ማርታ ዘ ኮርክ፦

ቤተሰቦቹ በ2024 ኦክቶበር ለንደን ቦናምስ ሚባል ጨረታ ቤት ሸጧት፣ ከነኮሚሽኑ ከ800 ሺህ ፓውንድ በላይ ወጣባት፣ በ100 ፓውንድ የተገዛችው ልጅ! እዚህ ኮርክ ሰዉ ከሀገር ልትወጣ ነው ብሎ ተንጫጭቶ ነበር፣ እግዜር ይስጠው የአየርላንድ ኮንሰርት አዘጋጅ ኩባንያ ገዛትና ለአየርላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ተሰጠች። ሙዚየሙ ደብሊን ውስጥ ብቻ ከአንድ በላይ ህንፃ አለው፣ የትኛው ጋ እንደሆነች ከመሄድህ በፊት ዌብሳይታቸውን እይ፣ መግቢያው ነፃ ነው። እዛው ደብሊን ቴምፕል ባር ሰፈር ደግሞ ሮሪ ጋላገር ኮርነር አለ፣ የጊታሯ ቅጂ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታያለህ።

ቀብሩን ማየት ከፈለግክ ኮርክ ና፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባሊንኮሊግ ነው፣ የመቃብሩ ድንጋይ በ1972 ጊታሪስት ተብሎ የተሸለመበትን ሽልማት ቅርፅ ይዞ ነው የተሰራው። ስትመጣ ፃፍልኝ፣ ቅዳሜ ከሆነ እኔ ራሴ በመኪና አደርስሀለሁ፣ የሰፈሩ አውቶቡስ ቅዳሜ ያስመርራል።